የሠንጋ ሥጋ በእናቱ ማሕፀን ስለ መጀመሩ

ለነገሌ ቦረናና ለደቡብ ቆላ አገር አስተዳዳሪዎች፤ ባለ ይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ማብራሪያ

የቦረና አገር ሀብት ከብት መሆኑ ለሁሉ የታወቀ ነው። ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፤ ከዱብሉቅና ከሜጋም እስከ ሞያሌ ድረስ የሚኖረው ሕዝብ ምግቡን ከወተት፤ እህሉንና ልብሱን ከከብት ዋጋ፤ ክብሩንም ከመንጋው ብዛት ሲያገኝ የኖረ ነው። በገበያ ቀን በዱብሉቅ ወይም በሀሮ በቄ ተሸጦ በመኪና የሚጫነው ወይፈን በአዳማ ዙሪያ ባሉት ማደለቢያዎች ጥቂት ወራት ተቀልቦ ወደ ውጭ አገር የሚላክበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የአንዱ አርብቶ አደር ትርፍና ጉዳት ለአገሪቱ የውጭ ንግድም ትርፍና ጉዳት ይሆናል።

ነጋዴው ወይፈን ሲገዛ ሻኛውን አይቶ፤ ጀርባውንና ታፋውን በእጁ ዳስሶ ዋጋ ይቆርጣል። በአንድ ዓመት ተወልደው በአንድ መስክ ከዋሉት ሁለት ወይፈኖች የአንዱ ታፋ ሞልቶ፤ የሁለተኛው ግን ጎድጉዶ ሲገኝ፤ ባለቤቱ «ይህ ከዘሩ ነው» ወይም «ያኛው ሣር አላገኘም» ይላል። ሁለቱም ምክንያቶች እውነትነት አላቸው። ነገር ግን የሥጋን አፈጣጠር በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የቆዩ ሊቃውንት የደረሱበት ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም ወይፈኑ ገና በማሕፀን ሳለ እናቱ ያገኘችው ወይም ያጣችው መኖ ነው። ይህን ነገር አስተዳዳሪው፤ ባለ ይዞታውና የወረዳው ሹም ቢያውቀው፤ በድርቅ ጊዜ ያለውን ጥቂት ድርቆሽ ለየትኛው ከብት አስቀድሞ መስጠት እንደሚገባ ለመፍረድ ይረዳዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ወራቱ ግን በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ሥጋ ከምን እንደ ተሠራ

የማንኛውም እንስሳ አካል ሕዋስ ከሚባሉ፤ በዓይን ብቻ ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ክፍሎች የተሠራ ነው። የተቀቀለ የበሬ ሥጋ በጣት ሲተረተር እንደ ክር እየሆነ መውጣቱን ማንም አይቶታል። በዓይን የሚታየው ያ ክር ደግሞ የብዙ ቀጫጭን ክሮች እስር ነው። የመጨረሻው ቀጭን ክር የጡንቻ ክር ይባላል፤ ውፍረቱም የሰው ጠጉር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

አንዱ የጡንቻ ክር የሚሠራው ከብዙ ሕዋሶች ነው። በፅንሱ ውስጥ ለየብቻቸው የነበሩ ሕዋሶች መጀመሪያ እየተባዙ ይቆያሉ፤ ጊዜው ሲደርስ መባዛታቸውን ትተው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አንድ ረጅም ክር ይሆናሉ። በ1987 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንት ማዮዲ የተባለውን ዘረ መል ባገኙ ጊዜ፤ ይህ አንድ ዘረ መል ብቻውን ተራውን ሕዋስ ወደ ጡንቻ ሕዋስነት ሊለውጠው እንደሚችል ገለጡ። ከዚህም የጡንቻ አፈጣጠር በሥርዓትና በተራ የሚፈጸም፤ ትእዛዝ ያለው ሥራ መሆኑ ታወቀ።

ጡንቻ የሚገዝፍበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የክሮቹ ቁጥር መብዛት፤ ሁለተኛው የእያንዳንዱ ክር መወፈር ነው። ሁለት ሰዎች ገመድ ቢገምዱና አንዱ በመቶ ክር፤ ሌላው በሰባ ክር ቢጀምር፤ ባለ ሰባው ክሩን የቱንም ያህል ቢያወፍር ከባለ መቶው እኩል ለመድረስ ይቸገራል። የከብት ሥጋም ነገር እንደዚሁ ነው።

፪ኛ፤ የክሩ ቁጥር መቼ እንደሚወሰን

ላም የምታረግዘው 285 ቀን ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በፅንሱ ውስጥ ጥቂት የመጀመሪያ ክሮች ይዘረጋሉ፤ እነዚህም ለኋለኞቹ እንደ ማገር ያገለግላሉ። ከሁለተኛው ወር እስከ ሰባተኛው ወይም እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ በእነዚያ ዙሪያ ሁለተኞቹ ክሮች ይበቅላሉ፤ በቁጥር የሚበዙትም እነዚህ ናቸው። ጥጃው ከተወለደ በኋላ ግን የክሩ ቁጥር አይጨምርም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እድገት ሁሉ የነበረውን ክር ማስረዘምና ማወፈር ብቻ ነው።

የማወፈሩን ሥራ የሚረዱ ሌሎች ሕዋሶች አሉ። አሌክሳንደር ማውሮ የተባለው ሊቅ በ1961 የእንቁራሪትን ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፤ ከክሩ ጎን ተለጥፈው የተኙ ትንንሽ ሕዋሶች አገኘ። እነዚህን ተጠባባቂ ሕዋሶች ብንላቸው ይስማማቸዋል፤ እንደ ተጠባባቂ ጦር ሥራ ሳይሠሩ ይቆዩና፤ ክሩ በተጎዳ ወይም በሚያድግበት ጊዜ ነቅተው ይባዛሉ፤ ከክሩም ጋር ተዋሕደው ያወፍሩታል። በአራስነት ዘመን ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ እንስሳው እያደገ ሲሄድ ግን እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ለጥጃው የመጀመሪያዎቹ ወራት ከኋለኞቹ ዓመታት ይልቅ ዋጋ አላቸው።

የእናት ረኃብ በዚህ ሥራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሙከራ ታይቷል። በአሜሪካ የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እርጉዝ በጎችን ከእርግዝናቸው ከ28ኛው ቀን እስከ 78ኛው ቀን ድረስ ከሚያስፈልጋቸው መኖ ግማሹን ብቻ እየሰጡ አቆዩአቸው። በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ በፅንሶቹ ጡንቻ ውስጥ የሁለተኞቹ ክሮች ቁጥር አንሶ መገኘቱን አስታወቁ። በ2006 ባሳተሙትም ሌላ ጽሑፍ እንዲህ ካሉ እናቶች የተወለዱት ጠቦቶች ካደጉ በኋላ ክራቸው አንሶ፤ ስባቸው በዝቶ መገኘቱን ገለጡ። የእናትየዋ መኖ ኋላ ቢስተካከልም የጎደለው የክር ቁጥር አልተመለሰም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ምግብ ባነሰ ጊዜ የፅንሱ አካል ያለውን ለአንጎልና ለልብ ያስቀድማል፤ ጡንቻ ግን በመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ያለ ልብ ጥጃ አይወለድም፤ በቀጭን ታፋ ግን ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ጥጃው በሕይወት በመወለዱ ደስ ያለው ባለ ከብት የደረሰበትን ጉዳት ሳያውቀው ይቀራል፤ የሚያውቀውም ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነጋዴው ታፋውን ዳስሶ ዋጋ ሲቀንስ ነው።

፫ኛ፤ እድገትን ስለሚያዝዙ መልእክተኞች

ሕዋሶች መቼ እንደሚባዙ፤ መቼም እንደሚዋሐዱ በራሳቸው ፈቃድ አይወስኑም። ከሌላ የአካል ክፍል ወይም ከጎረቤት ሕዋስ የሚላኩ ረቂቅ ንጥረ ነገሮች ትእዛዙን ያደርሱላቸዋል። ሊቃውንት እነዚህን የእድገት ቀስቃሾች ይሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀስቃሾች ስላገኙ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የተባለችው ኢጣሊያዊትና ስታንሊ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለጡንቻ ከሁሉ የሚበልጠው ቀስቃሽ ኢንሱሊን መሰል የእድገት ቀስቃሽ የሚባለው ነው። የምርምሩ መነሻ በ1957 ሳልመንና ዳውሃዴይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያደረጉት ሙከራ ነው። እነርሱም በአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ የሚወጣው የእድገት ሆርሞን የአጥንትን ልምላሜ የሚያሳድገው በቀጥታ ሳይሆን፤ በደም ውስጥ በሚገኝ በሌላ መልእክተኛ አማካይነት መሆኑን አሳዩ። በ1978 በዙሪክ የሚሠሩት ሪንደርክኔክትና ሁምበል የዚህን መልእክተኛ ሙሉ አሠራር አውጥተው፤ ኢንሱሊንን የሚመስል መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ቀስቃሽ በብዛት የሚመረተው በጉበት ነው፤ ነገር ግን ጡንቻው ራሱም ለራሱ ያህል ያመርታል። ሥራውም የጡንቻን ሕዋስ ማባዛት፤ ማዋሐድና በክሩ ውስጥ ፕሮቲን እንዲከማች ማድረግ ነው።

ለአስተዳዳሪው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነገር ነው። እንስሳው በተራበ ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ የእድገት ሆርሞን መላኳን አታቆምም፤ እንዲያውም ታበዛዋለች። ጉበቱ ግን ትእዛዙን አይቀበልም፤ ኢንሱሊን መሰሉም ቀስቃሽ በደሙ ውስጥ ይቀንሳል። ይህም ከበላይ የሚመጣ ትእዛዝ ቢበዛ፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ የሆነ ወረዳ ሥራውን መፈጸም እንደማይችል ያለ ነው። ሙሉ መኖ፤ በተለይም ፕሮቲን ያለው መኖ ሲገኝ ጉበቱ እንደገና ይታዘዛል፤ ጡንቻውም ማደግ ይጀምራል። የውስጥ ትልና ሕመምም ያንኑ ቀስቃሽ ስለሚቀንሱ፤ ከብቱን ማከም ከመቀለብ ተለይቶ የሚታይ ሥራ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ በተወለደ ከብትና ባልተወለደ ፅንስ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ያደገው ወይፈን በደረቁ ወቅት ቢከሳ፤ ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበቅል ቀስቃሹ በደሙ ውስጥ ስለሚመለስ የነበሩት ክሮች እንደገና ይወፍራሉ፤ የጠፋበትንም አብዛኛውን ያካክሳል። በማሕፀን ያለው ግን የክር ማብቀያው ጊዜ ካለፈበት በኋላ የሚያካክስበት ወር የለውም። ወይፈን ዝናብን መጠበቅ ይችላል፤ ፅንስ ግን አይችልም።

፬ኛ፤ ስለ ልጓሙና ስለ ባዕድ ዘር

ቀስቃሽ እንዳለ ሁሉ ልጓምም አለ። በ1997 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ማክፌሮን፤ ሎውለርና ሊ የጡንቻን እድገት የሚገታ ማዮስታቲን የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። ይህን ልጓም ያጠፉባቸው አይጦች ጡንቻቸው ከጓደኞቻቸው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሆነ። በዚያው ዓመት ታፋቸው ከልክ በላይ ያበጠው የቤልጅግ ሰማያዊ ከብቶችና የኢጣሊያ የፒየሞንት ከብቶች በተፈጥሮ ይህ ልጓም የተበላሸባቸው መሆናቸው ታወቀ።

ይህን የሰማ ሰው «እንዲህ ያለውን ኮርማ ወደ ቦረና ብናመጣ ሥጋችን በእጥፍ ይሆናል» ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን የቤልጅግ ሰማያዊ ጥጃ በብዙ ጊዜ የሚወለደው የእናቱ ሆድ በሐኪም ተቀዶ ነው። ከነገሌ ወይም ከሞያሌ ርቆ በሚገኝ መንደር፤ ሐኪም በማይደርስበት ቦታ፤ ይህ ማለት ላሚቱንም ጥጃውንም ማጣት ነው። የቦረና ላም ግን ያለ ረዳት ትወልዳለች፤ ሙቀትን ትችላለች፤ በደረቁ ወቅት በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ ውኃ ጠጥታ ሩቅ ግጦሽ ትሄዳለች። ይህ ጠባይ በገንዘብ የማይገኝ ርስት ነው።

የዚህ ዘር ዋጋ በውጭ አገርም የታወቀ ነው። መነሻው ከቦረና ምድር የሆነው ከብት ወደ ኬንያ ገብቶ፤ በዚያ የሚኖሩ አርቢዎች በ1951 የቦረን ከብት አርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሰፊ መስክ በማዘጋጀትና ኮርማ በመምረጥም ሥጋ የበዛበት መንጋ አወጡ። ስለዚህ የሥጋው መድኃኒት ከባዕድ ዘር ይልቅ፤ በያዙት ዘር ምርጫና በላሚቱ አያያዝ ሊገኝ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

፭ኛ፤ የቦረና ወቅቶችና የላሚቱ እርግዝና

የቦረና ዓመት በአራት ይከፈላል። ጋና የሚባለው ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ አዶሌሳ የሚባለው ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፤ ሃጋያ የሚባለው ትንሹ ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር፤ ቦና የሚባለው ሞቃቱ ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ላም ሣር ጠግባ ሰውነቷ ሲመለስ ኮርማ ስለምትፈልግ፤ ብዙ ላሞች የሚፀንሱት በጋና ዝናብ ውስጥና ከእርሱ ቀጥሎ ነው።

አሁን አንዲት ላም ግንቦት 10 ቀን ፀነሰች እንበል። ሁለተኛው ወር የሚሞላው ሐምሌ 10 ቀን ነው። ሰባተኛው ወር የሚሞላው ታኅሣሥ 5 ቀን ነው። የምትወልደውም የካቲት 20 ቀን ገደማ ነው። እንግዲህ የጥጃው የጡንቻ ክር የሚበቅልበት ጊዜ የሚውለው በአዶሌሳ ሁለተኛ አጋማሽና በሃጋያ ሙሉ ወቅት ላይ ነው። በጋና የበላችው ሣር በሰውነቷ ያስቀመጠው ስብ አዶሌሳን ያሻግራታል፤ ሃጋያው ከቀረ ግን በአራተኛው፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ባዶ መስክ ላይ ትቆማለች። የጥጃው ክር ተቆጥሮ የሚያልቀው በዚሁ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቦና ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። የፅንሱ ክብደት አብዛኛው የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ የላሚቱም ጡት ለወተት የሚዘጋጀው በዚያው ጊዜ ነው። በአሜሪካ በነብራስካ አገር በክረምት ደረቅ ሣር ላይ ለሚውሉ እርጉዝ ላሞች በመጨረሻው የእርግዝና ዘመን ጥቂት የፕሮቲን መኖ ተጨምሮላቸው፤ ጥጆቻቸው ጡት በሚተዉበት ጊዜ ካልተጨመረላቸው ላሞች ጥጆች ከብደው መገኘታቸው በ2009 በታተመ ጥናት ተገልጧል። የተጨመረው መኖ ለላሚቱ እንጂ ለጥጃው አልነበረም።

ከ2020 ሃጋያ ጀምሮ እስከ 2022 ሃጋያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሳይሆኑ በቀሩ ጊዜ፤ በቦረናና በአጎራባቹ ቆላ ከብት በብዛት አለቀ። ከእነዚያ አምስት ወቅቶች ሦስቱ ሃጋያዎች ነበሩ። ድርቅ የገደለው ከብት ይቆጠራል፤ በማሕፀን ያቀጨጨው ግን በማንኛውም መዝገብ ላይ አይገባም። ሆኖም ከሞት ከተረፉት ላሞች የተወለዱት ወይፈኖች በገበያ የሚያወጡት ዋጋ፤ ጊደሮቹም ኋላ እናት ሲሆኑ የሚኖራቸው አቅም፤ በእነዚያ ወራት የተወሰነ ነው። አንድ ድርቅ ዝናብ በተመለሰበት ቀን አለቀ ማለት ስሕተት ነው።

፮ኛ፤ ስለ ጥጃውና ስለ ወተቱ ክፍያ

ጥጃው እንደ ተወለደ የሚጠባው እንገር በሽታን ከመከላከል ሌላ፤ ያንኑ ኢንሱሊን መሰል የእድገት ቀስቃሽ በብዛት የያዘ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ጥጃውን ከእንገሩ መከልከል በብዙ መንገድ ይጎዳዋል። ከዚያም በኋላ ባሉት ወራት ተጠባባቂዎቹ ሕዋሶች በብዛት በሚገኙበት ጊዜ የሚያገኘው ወተት ክሩን ያወፍርለታል።

ነገር ግን በቦረና ቤት የላሚቱ ወተት የጥጃው ብቻ አይደለም፤ የሕፃናቱም ምግብ ነው። በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ የከብት እርባታ ማእከል በ1980ዎቹ በቦረና ባደረገው ጥናት ይህን የወተት ክፍያ መርምሯል፤ ሌይን ኮፖክ የተባለውም ሊቅ ውጤቱን ሰብስቦ በ1994 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ደረቁ ወቅት ሲጠና ሰውና ጥጃ በአንድ ጡት ላይ ይሻማሉ። ስለዚህ ሹም መንደር ገብቶ «ወተቱን ሁሉ ለጥጃው ተዉ» ብሎ ቢያዝዝ፤ የሕፃን ምግብ መንጠቅ ስለሚሆን የሚታዘዝለት የለም፤ ሊታዘዙትም አይገባም። መፍትሔው ክፍያውን መለወጥ ሳይሆን የሚከፈለውን ማብዛት ነው፤ ላሚቱ ከመውለዷ በፊትና በኋላ ብትቀለብ ወተቱ ለሁለቱም ይዳረሳል።

የቦረና አባቶች ይህን ጉዳይ ያለ ማይክሮስኮፕ ያወቁት ይመስላል። ካሎ ብለው አጥረው የሚያኖሩት ሣር ለጥጆችና ለደካሞች ከብቶች የተለየ ነው። መንጋውንም በሁለት ይከፍሉታል፤ የሚታለቡት ላሞች ከጥጆቻቸው ጋር በመንደር ሲቀሩ ዋራ ይባላል፤ የማይታለቡትና ወንዶቹ ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄዱ ፎራ ይባላል። ይህ ሥርዓት ሣሩን ለማብቃቃት እጅግ የተመሰገነ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ወተቷ የደረቀ እርጉዝ ላም ብዙ ጊዜ የምትገኘው በፎራ ነው። ድርቅ ሲገባ የሚታደለው ድርቆሽ ግን የሚራገፈው በመኪና መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ላም እርዳታው ከሚታደልበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ ትርቃለች።

፯ኛ፤ ስለ ማሳደጊያ መርፌ

የእድገት ቀስቃሽ ይህን ያህል ኃይል ካለው፤ በመርፌ መስጠት አይሻልምን የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በአንዳንድ አገሮች ሆርሞን ያለበት መድኃኒት በሠንጋ ጆሮ ሥር ይቀበራል፤ ሥጋውንም ይጨምራል። የአውሮፓ ማኅበር ግን ይህን ልማድ በአገሮቹ ከልክሎ፤ ከ1989 ጀምሮ እንዲህ ያለው ከብት ሥጋ ወደ ገበያው እንዳይገባ አግዷል። ሥጋውን በውጭ የሚሸጥ አገር ስሙን መጠበቅ አለበት። ከዚህም ሌላ ማሳደጊያው የሚያገለግለው ሙሉ መኖ ለሚያገኝ ሠንጋ ብቻ ነው፤ በባዶ መስክ ለሚውል ከብት ከትእዛዝ በቀር ሲሳይ አይሰጠውም። ስለዚህ ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ ጠርሙስ የማሳደጊያ መርፌ ነው እያሉ በገበያ የሚሸጡትን መከልከል የሹም ግዴታ ነው።

፰ኛ፤ ከአስተዳዳሪዎች የሚጠበቅ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ ሥራ ሲለወጥ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በነሐሴ መጨረሻ፤ የሃጋያው ዝናብ ሳይታወቅ፤ በየቀበሌው ያሉት እርጉዝ ላሞች ተቆጥረው ይመዝገቡ። በዋራ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ በፎራ ያሉትም በየባለቤቶቻቸው ቃል ይጻፉ። ያልተቆጠረ አይታደልለትም።

ሁለተኛ፤ ሃጋያው በጥቅምት አጋማሽ ድረስ ካልጣለ፤ ድርቆሽ፤ ፋጉሎና ፉርሽካ የመጀመሪያው ድርሻ ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ወር ላሉት እርጉዝ ላሞች ይሁን። ሁለተኛው ድርሻ ለመውለድ ለተቃረቡት፤ ሦስተኛው ለጥጆች ይሁን። ለገበያ የደረሰው ወይፈን ግን ከቦናው በፊት ሥጋው ሳይወርድ ቢሸጥ ይሻላል፤ የተሸጠበትም ገንዘብ ለእናቶቹ መኖ መግዣ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ የመኖ ማከማቻ በመንገድ ዳር ብቻ ሳይሆን በፎራ መተላለፊያዎችና በውኃ ጉድጓዶቹ አጠገብ ይሠራ። በቱላ ጉድጓዶች የውኃውን ተራ የሚያዝዘው አባ ሄሬጋ ስለ ሆነ፤ እርጉዞቹ ላሞች ብዙ ሳይቆሙ እንዲጠጡ ከእርሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር መመካከር ይገባል። የተጠማ ከብት ሣር ቢያገኝም አይበላም፤ በወረፋ የሚቆምበት ሰዓትም ከግጦሹ የሚቀነስ ነው።

አራተኛ፤ የካሎ አጥር ይከበር። ካሎውን አርሶ እህል ለመዝራት ወይም ለግል ለመከለል የሚጠየቀው ፈቃድ በጥንቃቄ ይታይ፤ የአንድ ካሎ መፍረስ የብዙ ጥጆች መቀጨጭ ነውና። በጋና መጨረሻ ሣሩ ሳይደርቅ አጭዶ ድርቆሽ ማድረግንም ባለ ይዞታዎች በምሳሌነት ያሳዩ፤ ሣር ከደረቀ በኋላ ቢታጨድ ፕሮቲኑ አልቆ ገለባ ብቻ ይቀራል። ከኤል ሶድ የሚወጣው ጨው ለከብቱ የተለመደ ስለ ሆነ፤ ለእርጉዞቹም ከመኖው ጋር ይሰጥ።

አምስተኛ፤ ከ2012 ጀምሮ በቦረና የተጀመረው የከብት መድን የመስኩን ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት እየተመለከተ የሚከፍል ነው። ክፍያው ለደረሳቸው ሰዎች ገንዘቡን ከብቱ ከሞተ በኋላ ለመተካት ሳይሆን፤ እርጉዞቹ በሕይወትና በአቅም እንዲቆዩ መኖ ለመግዛት እንዲያውሉት ምክር ይሰጣቸው።

ስድስተኛ፤ ኮርማ የሚመረጠው በግዝፈቱ ብቻ አይሁን። የእናቱ ወተት፤ በድርቅ ዘመን የነበራት ጽናትና ሳይቸግራት መውለዷ ይጠየቅ። በያቤሎ ያለው የአርብቶ አደርና የደረቅ አገር እርሻ ምርምር ማእከል በዚህ ነገር ምክር የሚጠየቅበት ቦታ ነው።

ከዚህ ቀደም በድርቅ ጊዜ ድርቆሹ ሲታደል ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የከሳው ወይም ባለቤቱ በቅርብ የተገኘለት ከብት ነበር። ይህ ለዓይን ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሆዷ ገና ያልገፋ፤ ብዙም ያልከሳች፤ የአምስት ወር እርጉዝ ላም ወደ ኋላ ትቀራለች። የከሳው ወይፈን በሚመጣው ጋና ይመለሳል፤ በእርሷ ማሕፀን ያለው ጥጃ ግን የጎደለበትን ክር እስከ ሞቱ ድረስ አያገኘውም። ስለዚህ አስተዳዳሪው የድርቆሹን መጋዘን በሚከፍትበት ቀን አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ከሳ?» ብሎ ሳይሆን «የትኛዋ አርግዛለች? ስንት ወሯስ ነው?» ብሎ ነው።